የራዲዮ ምሽትና የሰሚው ድርሻ
ስለ ቢ.ቢ.ሲ. «ሦስተኛው ፕሮግራም» አጭር ሒስ

የእንግሊዝ የራዲዮ ድርጅት ቢ.ቢ.ሲ. «ሦስተኛው ፕሮግራም» የተባለውን ሥርጭት የከፈተው በሴፕቴምበር 29 ቀን 1946 እ.ኤ.አ. ነበር። ያን ምሽት በጆሯችን አልሰማነውም፤ ነገር ግን የዝግጅቱ ይዘት የታወቀ ስለ ሆነ፥ በአሳቡ ላይ ፍርድ ከመስጠት የሚከለክለን የለም። የምንመረምረው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም ከፍ ያለ ጥበብ በራዲዮ ሲቀርብ ለሰሚው ምን ዕዳ አለበት? የሚለው ነው። የባኽን ስም ከትምህርት ቤት መዝሙር በፊት ሰምተን ለማናውቅ ለእኛ ይህ የሩቅ ሰው ጥያቄ አይደለም።

ምሽቱ የተጀመረው «እንዴት እንደሚደመጥ» በተባለ፥ በቀልድ በተቀመመ ዝግጅት ነው። በዚያው ምሽት የባኽ «ጎልድበርግ ቫሪዬሽንስ» በሃርፕሲኮርድ ተሰማ፤ ይህም በአንድ መሠረት ላይ 30 ልዩ ልዩ መልኮች የተሠሩበት ረጅም ድርሰት ነው። ፊልድ ማርሻል ስመትስ ስለ ዓለም ጉዳይ ተናገሩ፤ ቤንጃሚን ብሪተን ለዕለቱ ብሎ የደረሰው የመክፈቻ ሙዚቃም በኦርኬስትራ ቀረበ።

አስቀድመን የሚመሰገነውን እንናገር። ሌላው ራዲዮ ሥራውን በሰዓቱ ልክ ይቆርጠዋል፤ ሦስተኛው ፕሮግራም ግን ሰዓቱን በሥራው ልክ ለመስፋት ተነሣ። ረጅሙን ድራማ ወይም ሙዚቃ ሳይከፋፍሉ ማቅረብ ለደራሲውም ለሰሚውም ክብር መስጠት ነው።

የድርጅቱ ዋና ዲሬክተር ሰር ዊልያም ሄይሊ ሦስቱን ሥርጭቶች እንደ ፒራሚድ አስበዋቸው ነበር፤ ሰሚው ከ«ላይት» ወደ «ሆም»፥ ከ«ሆም» ወደ ሦስተኛው ቀስ በቀስ ከፍ እንዲል ነው። አሳቡ መልካም ነው። ዳሩ ግን ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ደረጃ ያስፈልገዋል። የመጀመሪያው ምሽት ስለ መስማት ቀልዶ ሰሚውን ካሳቀው በኋላ ከባኽ ፊት ብቻውን አቆመው። ስለ ዓለም ጉዳይ የተደረገውም ንግግር ለሙዚቃው መግቢያ ሊሆን አይችልም። ንግግርና ሙዚቃ ጎን ለጎን ተቀመጡ እንጂ አልተረዳዱም።

አንዳንዶች ጥፋቱ የሥራዎቹ ክብደት ነው ይሉ ይሆናል። እኛ ይህን አንቀበልም፤ ሁለት ምስክሮችም አሉን። የከዋክብት ተመራማሪው ፍሬድ ሆይል በ1949 በዚሁ ሥርጭት ሲናገሩ፥ እርሳቸው ራሳቸው የማይቀበሉትን ስለ ጽንፈ ዓለም አጀማመር የሚነገር አሳብ «ቢግ ባንግ»፥ ማለት ታላቁ ፍንዳታ አሉት። አሳቡ ዛሬም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ከባድ ነገር በቀላል ቃል ሊነገር እንደሚቻል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አንፈልግም።

ሁለተኛው ምስክር በጃኑዋሪ 25 ቀን 1954 የቀረበው የዲላን ቶማስ «አንደር ሚልክ ዉድ» ነው። በዚህ ድራማ ውስጥ ካፕቴን ካት የሚባል ዓይነ ስውር ሽማግሌ መርከበኛ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ መንደርተኛውን በኮቴው ይለያል። የራዲዮ ሰሚ ማለት እርሱ ነው፤ አያይም፥ ነገር ግን በጆሮው መንደሩን ሁሉ ያውቃል። የመጀመሪያው ምሽት በቀልድ ሊያስተምር የሞከረውን ይህ ድራማ ያለ አንዳች ማብራሪያ አስተማረ። ደረጃው በሥራው ውስጥ ተሠርቶ ነበርና።

በ1957 ቢ.ቢ.ሲ. የሦስተኛውን ፕሮግራም ሰዓት ቀነሰ። ቲ. ኤስ. ኤልየትና የሙዚቃ ደራሲው ቮን ዊልያምስ ከተቃወሙት መካከል ነበሩ። በ1970 ስሙም ቀርቶ ሥራው ለ«ራዲዮ 3» ተላለፈ። ሰሚው ጥቂት እንደ ነበር አይካድም። ነገር ግን ደረጃ የጎደለውን ቤት ደረጃ ይሠሩለታል እንጂ ጣራውን አያወርዱበትም። ስለዚህ በእኛ አስተያየት የሦስተኛው ፕሮግራም ስሕተት ከፍ ማለቱ ሳይሆን፥ እንደ ሆይልና እንደ ቶማስ ያሉትን ሥራዎች በየምሽቱ መግቢያ በር አለማድረጉ ነው።