ሴል የልደታ ባቡር አይደለም

የባዮሎጂ መጻሕፍት የበሽታ ተከላካዮቹን የቢ እና የቲ ሴሎችን አፈጣጠር ልክ እንደ ባቡር ሀዲድ ይስሉላችኋል። እስከ ልደታ መስመሩ አንድ ነው፤ ከዚያ አንዱ ወደ ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ወደ ምኒልክ አደባባይ። ሥዕሉ መታጠፊያውን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ሁለት ነገር ግን ይደብቃል።

ባቡሩ መድረሻውን አውቆ ነው የሚነሳው። ከመቅኔ የወጣው፣ ገና ያልለየለት ሴል ግን ደረት ውስጥ ያለው ታይመስ እጢ ገብቶ «ኖች» በተባለው ፕሮቲኑ በኩል ምልክት ሲያገኝ ነው ወደ ቲ የሚያመራው።

ከታጠፈ በኋላስ አለቀ? አላለቀም። በ2007 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ከበሰሉ የአይጥ ቢ ሴሎች «ፓክስ 5» የተባለውን ጂን ሲያጠፉ፣ ሴሎቹ ወደ ኋላ ተመልሰው ቲ ሴል መሆን ቻሉ። አይጦቹ ላይም የሊምፍ ካንሰር ታየ።

ሥዕሉን አትጣሉት። ግን «ማንነቱን የሚጠብቅለት ማነው?» የሚለውን ጥያቄ ከጎኑ ጻፉበት።