ከሠርግ ኬክ ጎን የሚቀርብ ጣፋጭ በሸሕዲ

ከሠርግ ኬክ ጎን የሚቀርብ ጣፋጭ ኬኩ ያልደረሰውን እንግዳ ያዳርሳል፤ ኬኩ የሌለውን ጣዕምም ያመጣል። በሌላ ከተማ ደጋሽና ኬክ ጋጋሪ የሚመክሩት በእነዚህ በሁለቱ ላይ ነው። በሸሕዲ፣ ማለትም በገንዳ ውሃ፣ ግን ከሁለቱም በፊት የሚጠየቅ ነገር አለ፤ ጣፋጩ ዳስ ውስጥ ሳይበላሽ ስንት ሰዓት ይቆያል?

ገንዳ ውሃ ከጎንደር በመተማ መንገድ ወደ ምዕራብ ሲወረድ የሚገኝ ቆላ ነው። ሠርግ የሚበዛባቸው ወቅቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ሲሆን፣ ሰሊጡ ታጭዶና ተሽጦ ገበሬውም ነጋዴውም እጁ ላይ ገንዘብ የሚገኝበት ጊዜ ነው። ያኔ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል፤ እኩለ ቀን ላይ ግን ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ማለፉ አይቀርም። ሁለተኛው ከፋሲካ በኋላ ያለው ነው። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾም ቅቤና ወተት እንደልብ የሚበላው በዚህ ጊዜ ነው። ሚያዝያና ግንቦት ግን የቆላው ሙቀት 40 ዲግሪ የሚደርስባቸው ወራት ናቸው። ክሬም ቢያምርም ሃይማኖቱ ሲፈቅድ አየሩ ይከለክላል።

የክሬም ነገር ከዲግሪው ጋር የተያያዘ ነው። ቅቤ ሙሉ በሙሉ የሚቀልጠው ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሲሆን፣ ቸኮሌት ውስጥ ያለው የካካዎ ቅቤም በ34 ዲግሪ አካባቢ ይለቃል። ሸራ ወይም ቆርቆሮ በለበሰ ዳስ ውስጥ፣ ብዙ ሰው ተቀምጦ ወጥ በሚጤስበት ሰዓት፣ ይህ ሙቀት በጥርም ይገኛል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ኬክ ቤቶች የለመድናቸው ሚልፎልዬ፣ ክሬም ካራሜልና በክሬም የተሞሉ ትንንሽ ኬኮች እዚህ የሚያዋጡ አይደሉም። መልካቸው መበላሸቱ ቀላሉ ጉዳት ነው። እንቁላልና ወተት ያለበት ክሬም ከማቀዝቀዣ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ የአንድ ሰዓት ዕድሜ ብቻ ነው ያለው። መብራት ሲጠፋ የሚቆም ማቀዝቀዣ ደግሞ የሠርግ ዋስትና ሊሆን አይችልም። ከጎንደር የሚጫን ባለ ክሬም ጣፋጭም መንገዱን በሰላም ቢጨርስ እንኳ ገና ቀኑን ሙሉ ይጠብቀዋል። የተጋበዘ ሰው ታሞ ከሚሄድ ክሬሙ ቢቀር ይሻላል።

በጄላቲን የሚረጋ ጣፋጭ ሁለት ጊዜ ይወድቃል። አንደኛ፣ ጄላቲን የሚቀልጠው ከሰው ገላ ሙቀት ዝቅ ባለ ሙቀት ነው። ሁለተኛ፣ ጄላቲን ብዙ ጊዜ ከአሳማ ቆዳ ይሠራል። በሸሕዲ ሠርግ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎረቤት በአንድ ዳስ ይቀመጣል፤ አሳማ ደግሞ ሁለቱም አይበሉም። ማርጋት የግድ ከሆነ ከባሕር አረም የሚገኘው አጋር አጋር ይሻላል፤ አንዴ ከረጋ ካልፈላ በቀር አይቀልጥም። ሩም ወይም ሌላ አልኮል የነካው ጣፋጭም ለሁሉ በሚዞር ትሪ ላይ ቦታ የለውም።

ታዲያ ምን ይቅረብ ቢባል መልሱ ያለው ከከተማው ዙሪያ ባለው ማሳ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሑመራና የጎንደር ነጭ ሰሊጥ ተብሎ የሚመደበው ሰሊጥ የሚመረተው በዚሁ ቆላ ነው። ከፍሬው ግማሽ ያህሉ ዘይት ስለሆነ ሲቆላ ያለ ቅቤ የቅቤ ያህል ጣዕም ይሰጣል። ወደ ውጭ አገር በኩንታል የሚላከውን ሰሊጥ በገዛ ሠርጉ ላይ ሳያቀርብ ከሩቅ ከተማ ክሬም የሚያስመጣ ደጋሽ ትንሽ ይገርማል።

የሰሊጥ ከረሜላ ለመሥራት እኩል ክብደት ያለው ሰሊጥና ስኳር ይበቃል፤ ጥቂት ማር ቢጨመርበት ስኳሩ ተመልሶ እንዳይሻክር ይረዳል። ችግሩ ያለው ዝግጅቱ ላይ ነው። አውድማ ላይ የተራገፈ ሰሊጥ አሸዋ አያጣውም፤ አንድ የአሸዋ ቅንጣት ጥርስ መሃል ከገባ ደግሞ የሙሉ ትሪው ስም ይጠፋል። ማንፈስ ብቻውን አይበቃም። ሰሊጡ ውኃ ውስጥ ተደርጎ አሸዋው እስኪዘቅጥ መጠበቅ፣ ፍሬውን ከላይ በወንፊት ማንሳት፣ ይህንኑ ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም፣ ከዚያም በደንብ ማድረቅ ያስፈልጋል። አቆላሉ በለስላሳ እሳት ነው፤ መንጣጣት ሲጀምርና ቀለሙ ወርቃማ ሲሆን ይወጣል። ከዚያ ካለፈ ይመራል።

ስኳሩ 150 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ይነጠራል። መለኪያ ከሌለ ጠብታው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ እንደ ብርጭቆ ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት፤ ከተለጠጠ ገና ነው። ሰሊጡ ትኩስ ሆኖ መግባት ይኖርበታል፤ የቀዘቀዘ ሰሊጥ ስኳሩን በአንዴ ያደርቀውና መዳመጥ ያስቸግራል። ዘይት በተቀባ ሰሌዳ ላይ ሳስቶ ተዳምጦ፣ ሳይቀዘቅዝ በቢላ ይቆረጣል። ዘግይቶ የሚቆረጥ ይፈረካከሳል፤ ፍርፋሪው ለልጆች ቢሆንም ለትሪ አይሆንም። የከረሜላው ጠላት ከሙቀት ይልቅ እርጥበት ስለሆነ ደረቁ የጥር አየር ይስማማዋል። ከወጥ ቤቱ እንፋሎት ርቆ ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ፣ በየመሃሉ ወረቀት ተነጥፎ ቢቀመጥ ሳምንት ይቆያል። ስለዚህ የሠርጉ ሳምንት ሳይጨናነቅ ቀደም ብሎ ማዘጋጀት ይቻላል፤ ለደጋሽ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከድንበሩ ማዶ ያለው የጣፋጭ ሙያም ለዚህ አየር የተሠራ ይመስላል። ሱዳኖች ለዒድም ለሠርግም የሚጋግሩት ካዕክ በላዩ የስኳር ዱቄት የተነሰነሰበት ደረቅ ብስኩት ነው። ባስታ የሚሉት፣ በአዲስ አበባ ባቅላባ የሚባለው፣ እንደ ወረቀት በሳሳ ሊጥ መሃል ኦቾሎኒ ወይም ሌላ ለውዝ ተደርጎ ከተጋገረ በኋላ ሽሮፕ ይጠጣል። ከሰሊጥ ቅቤና ከስኳር የሚሠራው ጣሕኒያም አለ። የሦስቱም ምስጢር አንድ ነው፤ ውኃቸው ጥቂት ወይም በስኳር የተያዘ በመሆኑ ቶሎ አይበላሹም። ሱዳን ውስጥ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በመተማ በኩል ብዙ ሱዳናውያን ተሰድደው ገብተዋል፤ ከድንበሩ ማዶ ያለው የጋላባት መንገድም እንደ ቀድሞው የሚተማመኑበት አይደለም። ስለዚህ ከማዶ የሚመጣን ሸቀጥ ከመጠበቅ አሠራሩን መማር ይበጃል። በባስታ ላይ አንድ ነገር ብቻ አይዘንጋ፤ ሽሮፑና ሊጡ ሁለቱም ትኩስ ከሆኑ ሊጡ ይላሽቃል። ትኩስ ሊጥ ላይ ቀዝቃዛ ሽሮፕ፣ ወይም ቀዝቃዛ ሊጥ ላይ ትኩስ ሽሮፕ ነው የሚፈስሰው። በቅቤ ፋንታ በዘይት ከተሠራ ደግሞ ለሚጾም ሰውም ይሆናል።

ጾሙ ከሠርጉ ቀን ይልቅ በመልስና በቅልቅል ላይ ያጋጥማል። ከጥምቀት በኋላ ያለው ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፤ የነነዌ ጾምም በዚያው ወቅት ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕን ይዞ ይመጣል። የሰሊጥ ከረሜላ፣ በዘይት የተጠበሰ ጣፋጭ ዳቦ ቆሎ፣ ተምርና ኦቾሎኒ ለየትኛውም ቀን ስለሚሆኑ የተረፈው ለመልሱ ይተላለፋል። ኬክ ግን እንቁላሉና ቅቤው አስሮት ይቀራል።

ጣፋጭ በጣፋጭ ላይ ሲደራረብ ግን አፍ ይሰለቻል፤ ስለዚህ ትሪው ጎምዘዝ ያለ ነገር ይፈልጋል። ለዚህ ከርከዴ አለ። ደረቁ አበባ ተዘፍዝፎ ወይም ፈልቶ በጥቂት ስኳር ቀዝቅዞ በትንሽ ብርጭቆ ቢቀርብ የክሬሙን ቅባት ከአፍ ያጥባል፤ ቀይ ቀለሙም ከነጩ ኬክ አጠገብ ያምራል። የሁመር ጭማቂም ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ፍራፍሬ ከቀረበ ሐብሐብና ሙዝ ይመረጣሉ፤ ሐብሐቡ ሊቀርብ ሲል ይቆረጥ፣ ሙዙ ከነልጣጩ ይሰጥ። ተከትፎ የተደባለቀ የፍራፍሬ ሰላጣ ዝንብ ይጠራል፤ ውኃውንም ለቅቆ ይልፈሰፈሳል።

ዓይነቱ ከሦስት ባይበልጥ ደግ ነው፤ አንድ የሚንኮሻኮሽ፣ አንድ ሽሮፕ የጠጣ፣ አንድ ጎምዛዛ። እንግዳው እንጀራውን በወጡ በልቶ፣ ጥሬ ሥጋውን ቀምሶ፣ ጠላውን ጠጥቶ የጠገበ ስለሆነ ለአንድ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ትንንሽ ፍሬ በቂ ነው። አንድ ኪሎ ሰሊጥና አንድ ኪሎ ስኳር 25 ግራም የሚመዝኑ 80 ያህል የሰሊጥ ከረሜላዎች ይወጣቸዋል፤ ለ200 እንግዳ አንድ አንድ ለማዳረስ ሁለት ኪሎ ተኩል ሰሊጥ ይበቃል። የሚቆራረሰው ስለማይጠፋ ሦስት ኪሎ መያዝ ግን ብልህነት ነው።

የሚቀርብበት ሰዓት ኬኩ ተቆርሶ ቡና ሲወጣ ነው። ቆሎው፣ ፈንዲሻውና ዳቦው የቡና ቁርስ ሆነው በኖሩበት አገር ከረሜላውና ባስታው እዚያው ቢሰለፉ ማንም እንግዳ አይላቸውም። ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ እንግዳውን ማሰለፍ ለአዳራሽ እንጂ ለዳስ አይመችም፤ ሽማግሌዎች አይነሡም፣ ልጆች ደግሞ ቀድመው ያራግፉታል። አስተናጋጆች በስስ ጨርቅ የተሸፈነ ትሪ ይዘው ከሽማግሌዎች ጀምረው ቢያዞሩ ለሁሉም ይደርሳል።

ኬኩን በተመለከተ፣ ሙሽሮቹ ለሚቆርሱትና ለፎቶግራፉ የሚሆን አንድ ወይም ሁለት ደርብ ይበቃል፤ ክሬሙም ስስ ይሁን። ለሦስተኛውና ለአራተኛው ደርብ ሊወጣ የነበረውን ገንዘብ ሰሊጥ፣ ስኳርና ማር ላይ ያዋለ የሸሕዲ ደጋሽ ኬክ ያልደረሰው እንግዳ አይኖረውም ማለት ባይቻልም፣ ጣፋጭ ያልደረሰው ግን አይኖረውም።