መንገዱ በማዘጋጃ ቤት በኩል ነው

«ለኦንታሪዮ ምክር ቤት መወዳደር እፈልጋለሁ፤ የትኛው ፓርቲ ልግባ?» ቶሮንቶ ያደጉ የሐበሻ ልጆች ይህን ሲጠይቁ መስማት እየተለመደ መጥቷል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አዲስ መጤዎችን ይዞ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር የኖረ ነውና መልሱ አይለወጥም፦ ፓርቲው ይቆይ፤ መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት ግቡ። ልጆቹ ቅር ይላቸዋል። ለእነርሱ ማዘጋጃ ቤት ቆሻሻ ማንሳትና በረዶ መጥረግ ነው፤ ቁም ነገሩ ያለው የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ባለበት በኩዊንስ ፓርክ ነው። አቋራጩንም ያውቁታል፤ በፓርቲው የወጣቶች ክንፍ ማገልገል፣ የአንድ ተመራጭ ረዳት መሆን፣ ወንበር ሲለቀቅ ስም ማስገባት።

የፖለቲከኛው የማይክ ኮሌ መንገድ ሌላ ነበር። ጣሊያን ተወልዶ ቶሮንቶ ውስጥ በመምህርነት የሠራው ኮሌ፣ በ1982 የያኔዋ የዮርክ ከተማ ምክር ቤት አባል ሆነ። ከዚያ ወደ ሜትሮ ቶሮንቶ ምክር ቤት ተሻገረ፤ ከ1991 እስከ 1994 ደግሞ የከተማዋን ትራንስፖርት የሚያስተዳድረውን ቲቲሲ በሊቀመንበርነት መራ። ለኦንታሪዮ ምክር ቤት የተመረጠው በ1995 ነው። በዚያው ዓመት የክፍለ ሀገሩ መሪ (ፕሪሚየር) የማይክ ሃሪስ መንግሥት የኤግሊንተንን የምድር ባቡር ሰረዘ፤ የተጀመረው ቁፋሮም ተደፈነ። አዲሱ የተቃዋሚ ወንበር ተቀማጭ ስለዚያ ጉድጓድ ሲናገር ከሰው የሰማውን አልነበረም፤ ጉዳዩ በገዛ ጠረጴዛው ላይ ያለፈ ነው።

እንዲህ ያለውን እውቀት ፓርቲ አያስተምርም። በቶሮንቶ ከተማ ምክር ቤት ፓርቲ የለም። አንድ ሐሳብ እንዲያልፍ ድምፅ በየሰዉ መለመን፣ ትናንት የተከራከሩትን ሰው ዛሬ ስለ ሌላ ጉዳይ ማግባባት ግድ ነው። ኩዊንስ ፓርክ ሲደርሱ ግን የፓርቲው መሪ ብዙውን ነገር ወስኖ ይጠብቃል። ድምፅ መለመን ሳይለምድ እዚያ የገባ ሰው፣ ሲታዘዝ እጁን ማንሳት ብቻ የተመራጭ ሥራ ይመስለዋል።

ሌላም አለ። በ1867ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት ማዘጋጃ ቤቶች በክፍለ ሀገሩ ሥልጣን ሥር ናቸው፤ የሰው ችግር ግን በዚህ መስመር ተከፍሎ አይመጣም። ታክሲ የሚነዳ ኢትዮጵያዊን እንውሰድ። ፈቃዱን የሚሰጠው ከተማው ነው፤ የትራፊክ ሕጉና የኢንሹራንሱ ቁጥጥር የክፍለ ሀገሩ ነው። ኪራይ ከሕግ በላይ ቢጨምሩበት የሚሟገተው በክፍለ ሀገሩ የአከራይና ተከራይ ቦርድ ፊት ነው፤ በጥር ማሞቂያው ቢጠፋበት ግን የሚደውለው ለከተማው ነው። ልጁ የሚማርበትን ትምህርት ቤት የሚያስተዳድረው ቦርድ ገንዘቡን የሚጠብቀው ከኩዊንስ ፓርክ ነው። «ይሄ እኛን አይመለከትም» የሚባል መልስ ከሁለቱም ወገን ይመጣል፤ ሰውየውም መሀል ላይ ይቀራል። በሁለቱም ቤት የኖረ ተመራጭ ጉዳዩ የት እንደሚያዝ ያውቃል፤ ወደ ማን እንደሚደወልም አይጠፋውም።

የኮሌ ስም ከእኛ ሰው ጋር በቀጥታ የሚገናኝበት ቦታ አለ። የዜግነትና የኢሚግሬሽን ሚኒስትር ሳለ ያቀረበው የሙያ ፈቃድ ሕግ በ2006 ጸደቀ። ሕጉ የሐኪሞች፣ የመሐንዲሶች፣ የነርሶችና የሌሎችም ሙያዎች ፈቃድ ሰጪ አካላት አመልካቾችን በግልጽና በፍትሐዊ አሠራር እንዲያስተናግዱ አስገደደ፤ የሚቆጣጠርም ኮሚሽነር አቆመ። የመጀመሪያዋ ኮሚሽነር ከግሬናዳ የመጣችው ዣን ኦገስቲን ነበረች። ሕጉ ዲግሪውን በሻንጣ ይዞ ታክሲ የሚነዳውን ሁሉ ወደ ሙያው አልመለሰም። ቢያንስ ግን «ለምን ከለከላችሁኝ?» ብሎ በጽሑፍ መልስ የመጠየቅ መብት ሰጠ።

በ2007 ግን ያው ሚኒስትር ሥልጣኑን ለቀቀ። ዋናው ኦዲተር እንደጻፈው፣ መሥሪያ ቤቱ በበጀት ዓመቱ መጨረሻ ለማኅበራት ገንዘብ ያከፋፈለው ግልጽ የማመልከቻ ሥርዓት ሳይኖር ነው፤ 150,000 ዶላር የጠየቀ የክሪኬት ማኅበር 1 ሚሊዮን ተሰጥቶታል። የማዘጋጃ ቤት ሰው ደካማ ጎን እዚህ ላይ ይታያል። ማኅበራቱንና መሪዎቻቸውን በስም የሚያውቅ ሰው፣ ትውውቅን በሥርዓት ቦታ እንዳይተካ መጠንቀቅ አለበት። መራጮቹ በዚያው ዓመት በጥቅምት መልሰው መረጡት።

ተቃራኒ ሐሳብ ያላቸው አልቪን ከርሊንግን ይጠቅሳሉ። ጃማይካ የተወለደው ከርሊንግ በከተማ ምክር ቤት ሳያልፍ በ1985 ከስካርቦሮ ተመረጠ፤ ወዲያው የቤቶች ሚኒስትር፣ በኋላም የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ሆነ። እውነት ነው። ግን ከርሊንግ ከዚያ በፊት በኮሌጅና በመሠረተ ትምህርት ድርጅት ሠርቷል፤ ሰውን ከታች የሚያውቅበት የራሱ ቤት ነበረው። በሌላ በኩል ዳግ ፎርድ ከ2010 እስከ 2014 የቶሮንቶ ከተማ ምክር ቤት አባል ነበር። በ2018 ፕሪሚየር በሆነ በሳምንታት ውስጥ፣ ምርጫው ተጀምሮ እያለ፣ 47 ሊሆን የነበረውን የምክር ቤቱን ወንበር ወደ 25 አወረደ፤ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2021 በ5 ለ4 ድምፅ ሕጉን አጸና። አንድ ቤት ውስጥ መኖር ቤቱን ያስወድዳል ማለት አይደለም።

ያ የ2018 ሕግ የከተማውን የምርጫ ቀጠናዎች (ዋርዶች) ከክፍለ ሀገሩ የምርጫ ክልሎች ጋር አንድ አደረጋቸው። ኮሌ በሰኔ 2018 በኤግሊንተን ሎረንስ ተሸነፈ፤ በጥቅምት ደግሞ በዚያው ወሰን፣ በዋርድ 8፣ የከተማ ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመለሰ። አንዳንዱ ይህን እንደ መውረድ አየው። በዚህ ጸሐፊ ዘንድ ግን ሙያን ማወቅ ነው።

ይህ ሙግት ጸሐፊውን ለምን እንዲህ እንደሚያንገበግበው መናገር ተገቢ ነው። ያደገው «ነገ ተመለስ» በሚሉ መስኮቶች ፊት ቆሞ ነው። ቶሮንቶ ውስጥ ግን ማንም ነዋሪ፣ ዜጋ ይሁን አይሁን፣ ተመዝግቦ በከተማው ኮሚቴ ፊት ለአምስት ደቂቃ ያህል መናገር ይችላል። ከተማው በ2016 የኡበርን ደንብ ሲያወጣ የታክሲ ነጂዎች ጩኸት በዚያው አዳራሽ ተሰማ። ውሳኔው እንደፈለጉት አልሆነም። አዳራሹ ግን ተከፍቶላቸዋል፤ ተመራጮቹም ፊት ለፊታቸው ተቀምጠው ጥያቄ ጠይቀዋቸዋል። ኩዊንስ ፓርክን የሚመኘው ወጣት ያንን ወንበር ከሁለቱም ወገን ቢያውቀው ይሻላል፤ በመጀመሪያ ተናጋሪ ሆኖ ይመዝገብ፤ ከዚያ ለትምህርት ቦርድ ወይም ለዋርዱ ይወዳደር። ካትሊን ዊን በ2000 የትምህርት ቦርድ ተመራጭ ሆና ጀምራ በ2013 ፕሪሚየር ሆናለች። ኦሊቪያ ቻውም በ1985 ከትምህርት ቦርድ ተነስታ ከሜትሮና ከከተማ ምክር ቤት እስከ ኦታዋው የፌዴራል ፓርላማ ከዘለቀች በኋላ በ2023 ከንቲባ ሆና ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ተመልሳለች።