ከገመዱ እንጀምር
«መሬት ላራሹ» ሲባል ምን ትዝ ይላችኋል? አብዛኞቻችን የተማርነው የካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መፈክሩን ይዘው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ መውጣታቸውን ነው። ልክ ነው፣ ወጥተዋል። ግን ከዚያ 5 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1952 ዓ.ም.፣ የጌዴኦ ገበሬዎች በጭሰኝነት ላይ ተነስተው ነበር፤ ሚችሌ ላይም ደም ፈሷል። እኔ ይህን ክፍል ውስጥ አልሰማሁም።

«ታዲያ አንድ ቦታ ቢዘለል ምን ችግር አለው?» ትሉ ይሆናል። ችግሩ ታሪኩን ከመፈክሩ ስንጀምረው ገበሬው ነፃ አውጪ ጠባቂ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ነው። መሐንዲስ ድልድይ ሲሰነጠቅ መጨረሻ ያለፈውን መኪና ብቻ አያይም፤ ጭነቱ ከመቼ ጀምሮ እንደተከማቸ ይጠይቃል። እዚህ ጭነቱ የጀመረው ከገመድ ነው። መሬቱ ቀላድ በሚባል ገመድ በጋሻ (40 ሄክታር ገደማ) እየተለካ ለሹማምንትና ለወታደሮች ሲከፋፈል፣ እንሰትና ቡና ያለማው ገበሬ በገዛ ቀዬው ጭሰኛ ሆነ።

መምህራን፣ እስቲ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሞክሩት፦ ከ100 ኪሎ ቡና እርቦው 25፣ አሥራቱ 10 ኪሎ ቢነሳ ስንት ይተርፋል? ተማሪው 65 ብሎ ሲጽፍ የካቲት 1967 የወጣው የመሬት አዋጅ ለምን እንዳስፈለገ ይገባዋል።

ዲላ ያላችሁ ተማሪዎች ደግሞ አያቶቻችሁን አሁኑኑ ጠይቁ። ያኔ የ15 ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ 80 አልፎታል።