ተራራን በሚዛን፦ ስለ ተአምር ትረካና ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ስሌት

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 22 ቀን 2021 ጧት ከሜልበርን በስተምሥራቅ በዉድስ ፖይንት አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ፣ እኛ በምንኖርበት በሰንሻይን ዌስትም የረከቦቱን ስኒዎች አንኳኳ። ማግኒቱድ በሚባለው መለኪያ መጠኑ 5.9 ነበር። ከዚያ በኋላ በአንድ ወገናችን ቤት ቡና ሲጠጣ፣ ምሕንድስና የሚማር ወጣት በስንክሳር ሲነበብ የሰማውን የሙቀጠም ተራራ ታሪክ በዚሁ መለኪያ አስልቶ አቀረበ። አንድ አባት ተቆጡ፤ «ተአምር በጁል አይሰፈርም» አሉ። ወጣቱም ወረቀቱን አጥፎ ዝም አለ። የዚህ ሐተታ ዓላማ ያንን ወረቀት እንደገና መዘርጋት ነው።

ታሪኩ የታወቀ ነው። በ10ኛው መቶ ዓመት የግብጽ ገዢ፣ የወንጌሉ ቃል እውነት ከሆነ ተራራውን አንሡ ብሎ ክርስቲያኖችን ባስጨነቀ ጊዜ፣ ፓትርያርኩ አባ አብርሃም ሶርያዊ ምሕላ አወጁ፤ አንድ ዓይኑ የጠፋው ስምዖን ጫማ ሰፊም ከኋላቸው ተሰውሮ ቆመ። ሕዝቡ ሦስት ጊዜ ሰገደ፤ ተራራውም ሦስት ጊዜ ተነሣ። ነገሩ ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም የሚለው የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ አይደለም። የምንጠይቀው፣ ስሌቱ ትረካውን እንድናነብ ይረዳናል ወይስ ያደናቅፈናል ብለን ነው።

የወጣቱ ግምት እንዲህ ነበር። የተራራው ርዝመትና ወርድ አንዳንድ ኪሎ ሜትር፣ ቁመቱ 100 ሜትር ቢሆን፣ ክብደቱ ወደ 250 ሚሊዮን ቶን ይደርሳል። ይህን ሁለት ሜትር ለማንሣት 5 ትሪሊዮን ጁል ያህል ጉልበት ያስፈልጋል። ጉተንበርግና ሪክተር በተዉልን ቀመር መሠረት፣ ይህን ያህል ጉልበት በሞገድነት የሚያሰራጭ መንቀጥቀጥ መጠኑ 5.3 ገደማ ነው፤ ይህም በዉድስ ፖይንት ከተሰራጨው አንድ ዘጠነኛው ማለት ነው።

ስሌቱ ትክክል ነው፤ አነባበቡ ግን ጎዶሎ ነው። ከፍታውን ከሁለት ወደ 10 ሜትር ብናሳድገው፣ መለኪያው በእያንዳንዱ እርከን ጉልበትን 32 ጊዜ ያህል የሚያበዛ ስለሆነ፣ ውጤቱ በግማሽ እርከን እንኳ አይጨምርም። በአንጻሩ የወደቀ አካል ወደ ምድር ሞገድነት የሚለውጠው ከጉልበቱ እጅግ ጥቂቱን ነው። አንድ ሺህኛው ብቻ ቢለወጥ መጠኑ በአንድ ጊዜ ወደ 3.3 ይወርዳል፤ ተራራው በዝግታ ከወረደ ደግሞ መንቀጥቀጥ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ውጤቱን የሚወስነው ተራራው ምን ያህል ከፍ አለ የሚለው ሳይሆን እንዴት ወረደ የሚለው ነው። ይህ ደግሞ በቀመር አይገኝም። በትረካው ግሥ ውስጥ የሚፈለግ ነው። ፊዚክሱ ራሱ ወደ መጽሐፉ መለሰን።

በዚህ ረገድ የፒየር ጉዊን ሥራ መልካም አርአያ ነው። በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ምርምር ጣቢያን የመሠረቱት እኒህ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ መጽሐፍ፣ የጥንት ጽሑፎቻችንን እንደ መረጃ መርምረዋል። የሄዱበት መንገድ ግን የወጣቱን የተገላቢጦሽ ነው። ምን ተነሣ ብለው ሳይሆን ምን ፈረሰ፣ ማን ተሰማው፣ እስከ የት ብለው ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ1961 የማጀቴን ከተማ ያፈረሰው መንቀጥቀጥ የሚጠናውም በዚሁ ዓይነት ጥያቄ ነው። ጥያቄውን ወደ ሙቀጠም ስናዞር፣ በምናውቀው ትረካ የፈረሰ ቤት አይነገርም፤ ሰው ሞተ አይባልም። የወደቀው የገዢው ትዕቢት ብቻ ነው። ተራኪው ስግደቱን ሦስት ብሎ ሲቆጥር ክብደቱንና ከፍታውን ሳይናገር አልፏል። እንግዲህ 5 ትሪሊዮን ጁል የሚለካው የእኛን ግምት ነው፤ ትረካው ያስቀመጠው ሚዛን ግን የገዢውን ሥልጣን ከአንድ ጫማ ሰፊ ጸሎት ጋር የሚያመዛዝን ነው።

ይህን ልናይ የቻልነው ግን ወጣቱ ስላሰላ ነው። አባታችን ለቅዱሱ ታሪክ ስለ መቆርቆራቸው እናከብራቸዋለን፤ በቁጣቸው ግን አንስማማም። እ.ኤ.አ. ከ2024 መገባደጃ ጀምሮ በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ ምድሪቱ ደጋግማ ስትናወጥና በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ከቀያቸው ሲነሡ፣ ከእኛም መካከል መቅሠፍት ነው ከማለት በቀር ሌላ ቃል ያጣን ጥቂቶች አልነበርንም። በዚያች ሰዓት የሚያስፈልገን፣ የእርከንን ትርጉም የሚያስረዳና የትኛው ግንብ እንደሚያሰጋ የሚጠይቅ ልጅ ነበር። በስደት አገር ያደገ ልጅ ስንክሳርን በሚያውቀው ቋንቋ፣ ማለትም በቁጥር፣ ሊጠይቀው ሲመጣ ወረቀቱን ካሳጠፍነው፣ ሁለተኛ መጽሐፉን የሚገልጥበት ምክንያት አይኖረውም። ስሌቱን እናርም፤ ጠያቂውን ግን አናባርር።