ከመስክ እስከ ደጃፍ የሚደርስ አበባ

በጎንደርና በሰሜኑ ደጋ አበባ መስጠት ከአበባ ሱቅ ጋር የመጣ ልማድ አይደለም። ክረምቱ አልፎ የወገራና የዳባት መስክ ቢጫ ሲለብስ፣ ለእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች አደይ አበባን ከለምለም ሣር ጋር አስረው እየዘፈኑ ከደጅ ደጅ ይዞራሉ፤ ወንዶቹ ልጆች ደግሞ በወረቀት የሣሉትን አበባ ያበረክታሉ። ይህን ስጦታ ከሌላው የማስበልጠው ሰጪው ራሱ ለቅሞ፣ ራሱ አስሮ፣ ራሱ ስለሚያደርሰው ነው። ተቀባዩም ደጁን ይከፍታል፣ ዳቦ ይቆርሳል፣ ይመርቃል።

«ዛሬ እኮ ልጆቹ የሚመጡት ለሳንቲም ነው» የሚሉ አሉ። ሳንቲሙ ግን ምርቃቱን አልሻረውም፤ ልጆቹን በባዶ እጅ አለመመለስ ድሮም የበዓሉ ወግ ነው። መልቀሙ አበባውን ያጠፋዋል ለሚሉም፣ አደይ በየዓመቱ ከዘሩ የሚበቅል ነው፤ የሚጎዳው የማሳው ዳርና ድንበር ታርሶና ተገንብቶበት ዘሩ የሚወድቅበት ሲያጣ እንጂ በአንድ እቅፍ አይደለም። አበባ ሻጮችንም አልነቅፍም። ከሆለታና ከዝዋይ ወደ አውሮፓ የሚጫነው ጽጌረዳ መስከረምን አይጠብቅም፤ ሩቅ ያለ ዘመድ ለሠርግ ወይም ለታመመ ሰው በሻጮቹ እጅ አበባ፣ አለዚያም በማሰሮ የበቀለ ተክል ቢልክ ደግ አደረገ። የአደይ ስጦታ ቢቀር ግን የሚጎድለው ቀለም ብቻ አይደለም፤ ብቻቸውን የሚኖሩ እማማ የሰፈሩን ልጆች ሁሉ በየስማቸው ጠርተው «ከዓመት ዓመት ያድርሳችሁ» የሚሉበት ቀን አብሮ ይቀራል።