«ተንሸራታች ጣሪያ» ወይስ «ዘቅዛቃ ኮርኒስ»? ስለ አንድ የመመሪያ ወረቀት ትርጉም

በ2017 ዓ.ም. በዘነበወርቅ በመሠራት ላይ በነበረ አንድ የመኖሪያ ቤት ውስጥ፥ ከጂፕሰም ቦርድ ማንሻ መሣሪያ ጋር የመጣ የአማርኛ መመሪያ ለመመልከት ዕድል አግኝቼ ነበር። የላይኛው ፎቅ ኮርኒስ የቆርቆሮውን ክዳን ተከትሎ የሚያዘቀዝቅ በመሆኑ ሠራተኞቹ መመሪያውን ፈልገውታል፤ አንብበውም ወደ ጎን አኑረውታል። ይህን ያደረጉት ከስንፍና እንዳልሆነ ለማሳየት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ርእሱን እንመልከት። ተርጓሚው «ተንሸራታች ጣሪያ» ብሎታል። «ተንሸራታች» እንደ ተንሸራታች በር ከቦታው የሚንቀሳቀሰውን ይገልጻል እንጂ አዘቅዝቆ የተሠራን ገጽ አይገልጽም፤ ለዚህ «ዘቅዛቃ» የተባለ ቃል አለን። «ጣሪያ»ም ለውጩ ክዳንና ለውስጡ ገጽ በአንድነት የሚያገለግል ቃል ነው። ይህ የቋንቋው ድህነት አይደለም፤ በጎጆ ቤት ውስጥ ቀና ብሎ የሚመለከት ሰው የሚያየው ማገሩንና ሣሩን፥ ማለትም ያንኑ ክዳን ነውና። ከክዳኑ በታች አቡጀዲ መወጠር፥ ቺፕውድ መምታት ሲመጣ ግን መለያ ስም አስፈለገ፤ የግንባታ ሠራተኛውም ከኢጣልያንኛ የመጣውን «ኮርኒስ» ያዘ። ቃሉ በምንጩ ቋንቋ ጠርዝን ወይም ክፈፍን ሲያመለክት፥ እኛ ዘንድ መላውን የውስጥ ገጽ ሸፍኗል። ይህን የትርጉም መስፋት እንደ ስሕተት ቆጥሮ የሚሸሽ ተርጓሚ አንባቢው በእጁ የያዘውን መለያ ይነጥቀዋል።

ቦርዱ ራሱ «የኖራ ሰሌዳ» ተብሏል። ይህስ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው፤ ኖራ ከበሃ ድንጋይ ተቃጥሎ የሚገኝ ነው። «ጀሶ» ግን በሐኪም ቤት አጥንቱ የተሰበረ ሰው ሳይቀር የሚያውቀው ቃል ነው፤ ከኢጣልያንኛ የመጣው «ጀሶ» ከእንግሊዝኛው «ጂፕሰም» ጋር የአንድ የግሪክ ቃል ልጅ ነው። እኔ «የጀሶ ሰሌዳ»ን እመርጣለሁ፤ ሆኖም ገበያው «ጂፕሰም ቦርድ» ብሎ ከጸና አልሟገትም።

የምሟገተው ስለ «ማቆሚያ» ነው። 1.20 በ2.40 ሜትር ስፋትና 12.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሰሌዳ በአብዛኛው ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። መሣሪያው ይህን በሽቦ ገመድና በመዘውር ከራስ በላይ ያነሣል፤ ገመዱ እንዳይተረተር የሚይዘውም ፍሬኑ ነው። መመሪያው ፍሬኑን «ማቆሚያ» ይለዋል፤ በዚያው ገጽ ላይ የመንኰራኵሮቹን መያዣ፥ ቀጥሎም የመሣሪያውን ሦስት እግሮች በዚሁ ቃል ይጠራል። እንግዲህ «ማቆሚያውን ልቀቅ» ሲባል ሠራተኛው የትኛውን ይልቀቅ? መዘውሩን ሳይዝ ፍሬኑን የለቀቀ ሰው ሰሌዳውን በባልደረባው ራስ ላይ ያወርዳል።

ዘቅዛቃው ሥራ ደግሞ አደጋውን ያብሰዋል። መያዣው ከኮርኒሱ ጋር እንዲገጥም ሲያዘነብል የሰሌዳው ክብደት በታችኛው ጠርዝ ባሉት መንጠቆዎች ላይ ያርፋል። ወረቀቱ «መንጠቆውን ከሰሌዳው በታች አድርግ» ይላል፤ ከሥሩ ይሁን ከቁልቁለቱ ጫፍ አይለይም። «በቁልቁለቱ በኩል ባለው ጠርዝ» ቢባል ሦስት ቃል ይጨምር ነበር።

ተርጓሚውን በባዕድ ቃል መጥላት ብቻ ልከሰው አልፈልግም፤ እኔም በወጣትነቴ «ፍሬን»ን ከጽሑፍ ለማስወጣት ከደከሙት አንዱ ነበርሁ። ያን ጊዜ ግን ቃሉን የምናነሣው በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ነበር። ወረቀቱ ዳግመኛ የሚታተም ከሆነ «ፍሬን» ለገመዱ፥ «የጎማ መያዣ» ለመንኰራኵሩ፥ «እግር» ለእግሩ ይሰጥ፤ ከመታተሙም በፊት መሣሪያውን ለሚያነሣ አንድ ሠራተኛ ጮክ ተብሎ ይነበብለት።